ለደሴ መንገድ ስንት ፈረስ ይበቃል?

ደሴ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ አመሻሽ ላይ፤ መንገዱ በባጃጅ ተጠቅጥቆ ከቆመ አንድ የንጉሥ ዘመን ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ የቀድሞው የተሳቢ መኪና ሾፌር ይመርና ሚስቱ፣ እንቁላል ነጋዴዋ ዘምዘም፣ ትንሿን ሞተር ሳይክላቸውን አቁመው፣ የእንቁላል ትሪዎቹን መሐላቸው አድርገው የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

ይመር፦ ተነሽ በቃ። ሁሴን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቆሞ እየጠበቀን ነው። ከመግሪብ በፊት የሞተር ልውውጡን ፈርመሽ እንገላገል።

ዘምዘም፦ ጫማዬን ገና ማውለቄ ነው።

ይመር፦ ፊርማ በእግር አይደለም።

ዘምዘም፦ እስኪ ተወኝ ይመር። ከንጋት ጀምሮ ከአንዱ ዶሮ ቤት አንዱ ዶሮ ቤት ስዞር የዋልኩ ሰው ነኝ። እጄም እግሬም እኩል ነው የደከመው።

ይመር፦ አንዲት ጭረት እኮ ናት! ሞተሯ በስምሽ ባትሆን ኖሮ እኔ እስካሁን ሦስቴ ፈርሜ፣ ትልቋን ሞተር ተረክቤ፣ ሐይቅ ወርጄ፣ አሳ በልቼ ተመልሼ ነበር።

ዘምዘም፦ በዚህ መንገድ? ከተማውን ሳትወጣ አሳው ያረጅብሃል።

ይመር፦ በዚችማ አዎ! ምን አላትና? አስራ አንድ የፈረስ ጉልበት ነው ያላት። ፈረስ ይሏታል እንጂ አስራ አንድ ፍየል ነው፤ ያውም ግማሾቹ የሚያነክሱ። የሁሴን ግን ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ ናት። ስትነሳ የጦሳ ተራራ ይነቃነቃል።

ዘምዘም፦ ተራራው ይነቃነቅ። እኛስ እንነቃነቃለን ወይ? እስኪ ፊትህን እይ።

ይመር፦ አየሁ።

ዘምዘም፦ ምን አለ?

ይመር፦ ባጃጅ።

ዘምዘም፦ ከሱ ፊት?

ይመር፦ ባጃጅ።

ዘምዘም፦ ከሱ ፊትስ?

ይመር፦ በግ የሚነዳ ሰውዬ።

ዘምዘም፦ ከበግ ኋላ ለመሄድ ስንት ፈረስ ያስፈልጋል?

ይመር፦ አንች ደግሞ ነገሩን ወደ በግ አታውርጂብኝ። ሰው ሞተር የሚይዘው ለዛሬ መንገድ ብቻ ነው እንዴ? መንገድ ይከፈታል። ሲከፈት ደግሞ ጉልበት ያለው ነው ቀድሞ የሚያልፈው።

ዘምዘም፦ ከተጋባን ጀምሮ መንገዱ ይከፈታል ስትለኝ ነው የኖርክ። ቅድም ከአራዳ ስንመጣ ማን እንዳለፈን አይተሃል?

ይመር፦ እኔን ማንም አላለፈኝም።

ዘምዘም፦ አልጋ የተሸከመ ሰው አልፎናል። ያውም ሁለቴ።

ይመር፦ አንድ ሰው እንዴት ሁለቴ ያልፈናል?

ዘምዘም፦ አልፎን ሄደ፣ ደከመውና አልጋውን አውርዶ ተቀመጠበት፣ እሱ ሲያርፍ ደረስንበት፣ ከዚያ ተሸከመና እንደገና አለፈን። ሁለተኛ ሲያልፍ "አይዟችሁ" ብሎኛል።

ይመር፦ ይኸው! ይኸው ነው የምልሽ! ጉልበት ቢኖራት ኖሮ...

ዘምዘም፦ ጉልበት ቢኖራት አልጋው ላይ ትወጣ ነበር?

ይመር፦ ዘምዘም፣ እኔ የዋዛ ሾፌር አይደለሁም። ባለ አራት መቶ ሃያ ፈረስ ጉልበት ተሳቢ የነዳሁ ሰው ነኝ። አራት መቶ ሃያ! ፈረሶቹ ቢሰለፉ ጭራቸው ደሴ፣ አፋቸው ኮምቦልቻ ነው። እኔ ከሚሌ ስነሳ ጅቡቲ ድንበር ላይ የጋላፊ ኬላ ፈታሽ የሞተሬን ድምፅ ሰምቶ ገመዱን ያወርድ ነበር። ሰው ብቻ መሰለሽ? ግመል ያውቀኝ ነበር። ይመር መጣ ብሎ ከአስፋልት የሚወርድልኝ ግመል ነበር፣ ወላ...

ዘምዘም፦ አትማል።

ይመር፦ እሺ፣ ግመሉን ተይው። እንዲያ የነዳሁ ሰው ዛሬ እዚች ላይ ተጣጥፌ ስቀመጥ ሰው ምን ይላል?

ዘምዘም፦ ሰው ሁሉ የራሱ ባጃጅ ውስጥ ታጭቋል፤ አንተን የሚያይበት ዓይን የለውም። ደግሞ አራት መቶ ሃያ ፈረስህ ምን ፈየደልህ? "ኬላ ላይ ቆሜያለሁ፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ መኪናው ሥር ተኝቻለሁ" እያልክ ነበር የምትደውልልኝ። ግማሽ ዕድሜህን ቆመህ ነው የነዳኸው።

ይመር፦ መቆምም እኮ ዓይነት አለው። አራት መቶ ሃያ ፈረስ ላይ ሆኖ መቆምና እዚች ላይ ሆኖ መቆም አንድ አይደለም።

ዘምዘም፦ እኔ ከኋላ ነኝ፤ ለኔ አንድ ነው።

ይመር፦ እሺ አንች በይ። ለዚህ ከተማ ስንት ጉልበት ይበቃል ነው የምትይው?

ዘምዘም፦ እኔንና እንቁላሌን ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ፣ ቁም ሲሉት የሚቆም፣ በግ ሲያጋጥመው የሚታገሥ።

ይመር፦ አህያ ግዛ በዪኛ!

ዘምዘም፦ አህያ ለቤንዚን አትሰለፍም። እንዲያውም አሳሰብከኝ።

ይመር፦ ዳገቱን አነሳሽው እንጂ! ይች ዳገት ትወጣለች?

ዘምዘም፦ በየቀኑ ወጥታ አይደል ቤታችን የምንገባው?

ይመር፦ እያቃሰተች ነዋ!

ዘምዘም፦ እኔም እያቃሰትኩ ነው የምወጣው። በሌላ ልትለውጠኝ ነው?

ይመር፦ አንችን ከሷ ጋር ማን አወዳደረሽ? ያላልኩትን አልክ አትበዪኝ።

ዘምዘም፦ ይልቅ ይችን ንገረኝ። በቆምክ ቁጥር ሞተሯ ለምንድን ነው የምትጠፋብህ?

ይመር፦ አልኩሽ እኮ። ጉልበት የላትም።

ዘምዘም፦ መካኒኩ ሲሞክራት አንድም ቀን ጠፍታበት አታውቅም።

ይመር፦ እሱማ ያባብላታል። በአንደኛ ማርሽ ነው የሚያስነሳት፣ እንደ ለማጅ።

ዘምዘም፦ አንተስ?

ይመር፦ በሁለተኛ ነዋ! ዕድሜ ልኩን ተሳቢ የነዳ ሰው በአንደኛ ይነሳል እንዴ? አንደኛ ማርሽ ለጫነ መኪና ነው። ባዶ መኪና በሁለተኛ ነው የሚነሳ፤ ሾፌሩ ወንድ ከሆነ በሦስተኛ። ባዶ መኪና በአንደኛ ሲያስነሳ የታየ ሾፌር ሚሌ ላይ ሻይ የሚጠጣው ብቻውን ነው።

ዘምዘም፦ ባዶ?

ይመር፦ ባዶ።

ዘምዘም፦ ይመር፣ እኔ ከኋላህ ተቀምጫለሁ።

ይመር፦ እሱማ...

ዘምዘም፦ ጭኔ ላይ እንቁላል ታቅፌያለሁ። ጀርባዬ ላይ የዶሮ መኖ አዝያለሁ። አንተ ይኸን ሁሉ ጊዜ ባዶ ነው የምትነዳው?

ይመር፦ ታዲያ አንችን ጭነት ልበልሽ? ጭነት ብዬ ብጠራሽ ደግሞ ሳምንት ሙሉ አታናግሪኝም።

ዘምዘም፦ እውነትህን ነው፣ አላናግርህም ነበር። ዛሬ ግን ደክሞኛል። ጭነት በለኝና በአንደኛ አስነሳ። ጠዋት ሸዋ በር ላይ ስትጠፋብህ፣ ያ ባጃጅ ከኋላችን ጡሩምባውን ሲያንባርቅ፣ እኔ እንቁላሉን እቅፍ አድርጌ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የላይኛው ትሪ ተሰነጣጥቋል።

ይመር፦ የሁሴን አትጠፋም። በሦስተኛ ትነሳለች፣ በአራተኛ ትነሳለች። ቁልፉን ስታሳያት ትነሳለች።

ዘምዘም፦ እንዲህ ከሆነች ሁሴን ለምን ይሰጥሃል? ምንም ሳትጨምርለት፣ ሞተር በሞተር፣ ትልቁን ሰጥቶ ትንሹን የሚወስድ ሰው ምን ነክቶት ነው?

ይመር፦ አክብሮኝ ነው። "ይችን ሞተር የሚመጥን ሰው ደሴ ላይ አጣሁ፤ አንተ ላይ ነው የምታምረው" አለኝ።

ዘምዘም፦ እኔ ግን ሁሴንን የማየው ማደያ ሰልፍ ላይ ነው። ስንሄድ እዚያ ነው፣ ስንመለስ እዚያው ነው። ሚስቱ ምሳውን ማደያ ነው የምታመጣለት።

ይመር፦ ጉልበት ያለው ይበላል። እኔስ አልበላም?

ዘምዘም፦ አንተን የማበላህ እኔ ነኝ። እሷን ማን ሊያበላት ነው?

ይመር፦ ይኸንንም ተናገርሽው።

ዘምዘም፦ ከፋህ? እንዲያው ድካሜ ነው የተናገረው።

ይመር፦ አልከፋኝም። ለማንኛውም ዛሬ ካልተፈራረምን ነገሩ ያልቃል። ሁሴን ነገ ወልድያ ይሄዳል፤ ይችን ይዟት ነው የሚሄድ።

ዘምዘም፦ ስለዚህ ተለዋውጣችሁ ብትጸጸት መመለሻ የለም።

ይመር፦ ማን ነው የሚጸጸተው?

ዘምዘም፦ ትናንት ከመጣህ ጀምሮ የሚያነክሰው ሰውዬ።

ይመር፦ ማን? እኔ?

ዘምዘም፦ የቀኝ እግርህን።

ይመር፦ ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው።

ዘምዘም፦ ቤታችን ደረጃ የለውም።

ይመር፦ መስጊድ ነው።

ዘምዘም፦ መስጊዱም የለውም።

ይመር፦ እንግዲህ ደረጃ ያለው ሰው ቤት ነበርኩ!

ዘምዘም፦ ሱሪህን ከፍ አድርግና አሳየኝ።

ይመር፦ አስፋልት ላይ? ሴትዮ፣ ሰው ያያል!

ዘምዘም፦ ሰውማ ትናንት አይቶሃል። ቁርስ ቤት ያለችው መዲና ነግራኛለች። ከደጇ ላይ ነው የወደቅኸው።

ይመር፦ መዲና ወሬ ታበዛለች። አልወደቅሁም።

ዘምዘም፦ ታዲያ ምን ሆንክ?

ይመር፦ ሞተሯ ናት የወደቀች። እኔ ላይዋ ላይ ነበርኩ።

ዘምዘም፦ ከመጀመሪያው ንገረኝ።

ይመር፦ ሁሴንን ልሞክራት አልኩትና ተቀበልኳት። ዘምዘም፣ ምን ልበልሽ! ከሆጤ እስከ ፒያሳ ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ነው። ሰዉ ግራና ቀኝ እንደ መጋረጃ ተከፈተልኝ። ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጠኝ።

ዘምዘም፦ ሰላምታ?

ይመር፦ እጁን አነሳ።

ዘምዘም፦ ቁም ነው ያለህ።

ይመር፦ ...ቁም ነው ያለኝ።

ዘምዘም፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ይመር፦ ቆምኩ። ፍሬኗን ደግሞ ብታዪው! ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። እኔም እግሬን ላወርድ ስል...

ዘምዘም፦ እግርህ ምን ሆነ?

ይመር፦ አስፋልቱ እዚያ ጋ ጎድጎድ ያለ ነው።

ዘምዘም፦ ይመር።

ይመር፦ አልደረሰም።

ዘምዘም፦ መሬት አልደረሰም?

ይመር፦ አውራ ጣቴ ደርሷል! ተረከዙ ወፈር ያለ ጫማ ባደርግ ኖሮ... ብቻ፣ ቀስ እያለች አዘነበለች። ልይዛት ሞከርኩ። እንደ ተራራ ከበደችኝ። ሰው ሁሉ እያየ ሄደች፣ ሄደች፣ ተኛች። እሷን ሦስት ጎረምሳ ነው ያነሳት። እኔን አንድ።

ዘምዘም፦ ያረቢ።

ይመር፦ ከማንሳታቸው በፊት መጀመሪያ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹኝ።

ዘምዘም፦ ያምሃል?

ይመር፦ ቁርጭምጭሚቴን። ስተኛ ነው እንጂ ቀን ይተወኛል።

ዘምዘም፦ ለምን አልነገርከኝም?

ይመር፦ መቼ ልንገርሽ? ጠዋት ስነቃ ወጥተሻል። ማታ እራት እንኳ ሳታላምጪ እንቅልፍ ይወስድሻል። ቀስቅሼሽ ወደቅሁ ልበልሽ?

ዘምዘም፦ ብትቀሰቅሰኝ እነቃ ነበር።

ይመር፦ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልቀሰቀስኩሽ።

ዘምዘም፦ ታዲያ ይኸን ሁሉ ሆነህ ዛሬ ተነሽ ፈርሚ ትለኛለህ? በየመንገዱ ቁም በሚሉህ ከተማ እግርህ የማይደርስበት ነገር ላይ ልትወጣ?

ይመር፦ እሁድ እኮ ደረሰ።

ዘምዘም፦ እሁድ ምን አለ? የእንድሪስ ልጅ ሰርግ ነው።

ይመር፦ እሱን ነው የምልሽ። እንድሪስ አብሮኝ የነዳ ሰው ነው፤ አንድ ሰሃን ላይ ስንት ዓመት በልተናል። ባለፈው ሻይ ቤት የድሮ ሾፌሮች በሙሉ ተሰብስበን፣ "ሙሽሮቹን በሞተር የሚመራ፣ ቪዲዮ ቀራጩን የሚጭን ማን ነው?" አለ። እኔ አለሁ አልኩ።

ዘምዘም፦ ደግ አደረግህ። ምራ።

ይመር፦ አንዱ ከጥግ "በምን? በእንቁላል ማመላለሻዋ?" አለ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ደሜ ፈላና ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ አለኝ አልኩ።

ዘምዘም፦ አለኝ?

ይመር፦ አፌ ቀደመኝ። ከዚያ ቀለሟ ምንድን ነው አሉ፣ ነገርኳቸው። ስንት ትሮጣለች አሉ፣ ነገርኳቸው። መቼም ከጀመርኩ አይቀር፣ ለኔ ብቻ ተብላ በመርከብ የመጣች ናት አልኩ።

ዘምዘም፦ በመርከብ።

ይመር፦ ጅቡቲ ወርጄ በእጄ የተቀበልኳት ናት ብያለሁ። እሁድ በትንሿ ብቅ ብል ምን እባላለሁ? አሁንስ ምን እያሉኝ እንደሆነ ታውቂያለሽ?

ዘምዘም፦ ምን ይሉሃል?

ይመር፦ ድሮ "ይመር ተሳቢው" ነበር የምባል። ስገባ ወንበር ይለቀቅልኝ ነበር። ዛሬ "ይመር እንቁላሉ" ነው። ትናንት ወድቄ ሲያነሱኝ "ይመር እንቁላሉ ተሰበረ" ብሎ የሳቀብኝ አለ። ያመመኝ ቁርጭምጭሚቴ መሰለሽ?

ዘምዘም፦ እኔንም እንቁላሏ ይሉኛል። አንድ ቀን ከፍቶኝ አያውቅም። በር ላይ ሲያዩኝ "እንቁላሏ መጣች" ይላሉ፣ ወዲያው መጥበሻ ይጣዳል። አንተን አይቶ ግመል ከአስፋልት ወረደ እንጂ መጥበሻ የጣደ ሰው አለ?

ይመር፦ ...የለም።

ዘምዘም፦ እሺ፣ ሰርጉንም እንየው። ቪዲዮ ቀራጩ ሞተርህ ላይ እንዴት ነው የሚቀመጥ?

ይመር፦ ፊቱን ወደ ሙሽሮቹ አድርጎ።

ዘምዘም፦ ጀርባውን ላንተ ሰጥቶ። ሁለት እጁን ካሜራው ይዞበት። ምንም ሳይጨብጥ።

ይመር፦ አዎ፣ እንደሱ ነው።

ዘምዘም፦ ታዲያ ስትነሳ ተራራ የምትነቀንቀው ሞተር ድንገት ስፍንጥር ብትል ሰውየው የት ነው የሚያርፈው?

ይመር፦ ሙሽሮቹ መኪና ላይ።

ዘምዘም፦ ሙሽራዋ ጭን ላይ። በሰርጓ ቀን። እንድሪስ እያየ።

ይመር፦ ሳቅሽ።

ዘምዘም፦ አልሳቅሁም።

ይመር፦ ጥርስሽን አይቻለሁ። እኔ ግን ቀስ አድርጌ ነው የምነዳው።

ዘምዘም፦ ቀስ ለማለት ሁለት መቶ ሃምሳ ምን ያደርግልሃል? የሰርግ አጀብ እኮ ነው። ፊት ለፊትህ ሰው እየጨፈረ በእግሩ ይሄዳል። ትሄዳለህ፣ ትቆማለህ፣ ትሄዳለህ፣ ትቆማለህ። በቆምክ ቁጥር እግርህን...

ይመር፦ እግር አታንሽብኝ!

ዘምዘም፦ እሺ፣ አላነሳም። ስማኝ ይመር። ልፈርም።

ይመር፦ ምን አልሽ?

ዘምዘም፦ ልፈርም አልኩህ። ጫማዬን አቀብለኝ። ስንከራከር ከምናመሽ ፈርሜ ቤቴ ገብቼ ልተኛ። ስምህ ካሳመመህ እኔ ምን አባቴ አደርጋለሁ?

ይመር፦ ከልብሽ ነው?

ዘምዘም፦ ከልቤ ነው። ከነገ ጀምሮ ግን አንተ ብቻህን ትነዳታለህ። እኔ እንቁላል ይዤ እዚያች ላይ አልወጣም። በእግሬ እሄዳለሁ።

ይመር፦ ከዶሮ ቤቶቹ እስከ ሸዋ በር? ያን ሁሉ ትሪ ይዘሽ?

ዘምዘም፦ ጎን ለጎን ሁለት ሁለት እያደረግሁ አመላልሳለሁ። ከማግባቴ በፊት እንዲያ አልነበር የምሠራው? ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም።

ይመር፦ ወገብሽስ?

ዘምዘም፦ ወገቤ ወገቤ ነው። አንተ ስለሱ አታስብ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስትወድቅ ለማን ልደውል? ስትቆም እግርህ የማይደርስ ከሆነ፣ ከኋላ ሆኜ የኔን እግር ላበድርህ አልችልም።

ይመር፦ ዘምዬ...

ዘምዘም፦ ስልክህ ይጮኻል።

ይመር፦ ይጩህ።

ዘምዘም፦ ሁሴን ነው። እየመጣን ነው በለው።

ይመር፦ ሁለት ሁለት እያደረግሽ ስንት ጊዜ ልትመላለሽ ነው?

ዘምዘም፦ እስኪያልቅ። አንሳው እንጂ፣ ሰው እየጠበቀን ነው።

ይመር፦ ሄሎ! ወዓለይኩም ሰላም፣ ሁሴን ወንድሜ! አዎ፣ ከዘምዘም ጋር ነን... የለም የለም፣ አንመጣም፣ አትጠብቀን። ስማኝማ፣ ሞተርህን ትናንት አገላብጬ ሞከርኳት። ለሌላ ሰው ግሩም ናት፤ እኔ ግን ትልቅ ነገር የለመድኩ ሰው ነኝ፣ እንዳትቀየመኝ... አነሰችኝ።